ተደብቄ ሳየው የኖርኩት ፊልም፦ «ኪለር ክላውንስ ፍሮም አውተር ስፔስ»

ሰው «የምትወደው ፊልም ምንድን ነው?» ሲለኝ ለዓመታት የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። ሽልማት ያገኘ፣ ረጅም፣ የሚያስለቅስ አንድ ፊልም አለ። እሱን እጠራለሁ፣ ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። እውነተኛው መልስ ግን ሌላ ነው። እውነተኛው መልስ ከጠፈር የመጡ ክላውኖች፣ ሰርከስ ላይ ፊታቸውን ተቀብተው ሰው የሚያስቁትን ቀልደኞች የሚመስሉ ፍጡሮች፣ አንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ገብተው፣ ሰውን በጥጥ ከረሜላ ጠቅልለው ደሙን በስትሮ የሚጠጡበት ፊልም ነው። አዎ፣ ያ ጥጥ ከረሜላ። በበዓል ቀን እንጨት ላይ ተጠቅልሎ የሚገዛልን፣ ምላስ ሲነካው ወዲያው የሚሟሟው ሮዝ ነገር።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ እንደገና አየሁት። በዚህ ጊዜ ብቻዬን አልነበርኩም። እህቴ ነበረች፣ አክስታችን እቴቴም ነበሩ፣ ቡና ተፈልቶ ፈንዲሻ ቀርቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ስለዚህ ፊልም በግልጽ ልጻፍ ያልኩት።

መጀመሪያ ያየሁት ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ። የዚያ ዘመን ልጅ ቤቱን ያውቀዋል። በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ጥቁር ሰሌዳ፣ መስኮቱን የሸፈነ ብርድ ልብስ፣ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ፣ ከፊት ደግሞ ከፍ ብሎ የተቀመጠ አንድ ቴሌቪዥን። የዚያን ቀን ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የካራቴ ፊልም ነበር። ካሴቱ ከሽፋኑ ጋር ተቀያይሮ ኖሮ፣ እኛ ካራቴ ስንጠብቅ የሰርከስ ዜማ የተቀላቀለበት ሮክ መጣ። ጩኸት ሆነ፣ ፉጨት ሆነ፣ «ሳንቲማችንን መልሱ!» ያላለ ልጅ አልነበረም። ካሴት የሚቀይረው ልጅ ግን እንግሊዝኛ እችላለሁ ይል ስለነበር፣ ሌላ ካሴት ከመፈለግ ይልቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ መተርጎም ጀመረ። ግማሹን ከራሱ ጨምሮ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንዱ ክላውን አፉን ሳይከፍት ሁሉ «አሁን ደግሞ ይህችን ልጅ ለእራት እወስዳታለሁ አለ» ይለን ነበር። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ሳቅ መጣ፣ ከዚያ እንደገና ጸጥ። ስንወጣ ስለ ካራቴው ያነሳ ሰው አልነበረም።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የሠሩት ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፣ ስቴፈን፣ ቻርልስና ኤድዋርድ ኪዮዶ። ስቴፈን ዳይሬክተሩ ነው፣ ታሪኩን ከቻርልስ ጋር ጻፉት፣ ፕሮዲውሰሮቹ ደግሞ ሦስቱም ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከዚያ በፊት እንጀራቸው ለሌሎች ሰዎች ፊልም አሻንጉሊትና ጭራቅ መሥራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን «ክሪተርስ»ን ያየ ሰው፣ እነዚያን ጥርሳም ፀጉራም ኳሶች የሠሩት እነሱ ናቸው። በጀታቸው 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፣ ለሆሊውድ ኪስ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ርዕሱ ላይ ክላውን የሚለው ቃል በእንግሊዝኛው በ«ሲ» መጻፍ ሲገባው በ«ኬ» ነው የተጻፈው። ገና ከስሙ የምናውቃቸው ክላውኖች እንዳልሆኑ ይነግራችኋል።

ስቴፈን ሐሳቡ ከየት እንደመጣለት ሲናገር እንዲህ ዓይነት ነገር ነው የሚለው። ጭር ባለ የተራራ መንገድ ላይ ማታ ብቻችሁን እየነዳችሁ ነው። አንድ መኪና ከኋላ መጥቶ ከጎናችሁ እኩል ይሆናል። ዞር ብላችሁ ስታዩ የሚነዳው ክላውን ነው። በቃ ይኸው ነው። ምንም አላደረጋችሁም፣ ምንም አላላችሁም፣ ግን ፀጉራችሁ ይቆማል። እኔ ይህን ስሰማ ፊልሙ ለምን እንደያዘኝ ገባኝ። ሌሊት ሜዳ ላይ ክላውን ምን ይሠራል? ጥያቄው ያስቃል፣ መልሱን ለማወቅ ግን መኪናውን አቁሞ የሚጠብቅ ሰው የለም።

ታሪኩ ቀላል ነው። ክረሰንት ኮቭ የምትባል ከተማ አለች። ወጣቶቹ ማታ መኪናቸውን ኮረብታ ላይ አቁመው ሲዝናኑ ከሰማይ የሚነድ ነገር ይወርዳል። ማይክና ዴቢ የሚባሉ ፍቅረኞች የወደቀበትን ፍለጋ ይሄዳሉ። ከእነሱ ቀድሞ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከውሻው ጋር ይደርሳል። የሚያገኘው የሰርከስ ድንኳን ነው። ጫካ መሐል፣ መብራቱ ቦግ ብሎ። ትኬት የሚሸጥ ሰው የለም፣ ወረፋ የለም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ድንኳኑ የጠፈር መርከብ ነው፣ ውስጡ እንደ ጎተራ ነው፣ ተንጠልጥሎ የተከማቸው ሮዝ ነገር ሁሉ ደግሞ ሰው አለበት። ልጆቹ አምልጠው ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ ማን ይመናቸው።

የፊልሙ ትልቁ ችሎታ አንድ ሕግ አውጥቶ እስከመጨረሻው አለመልቀቁ ነው። ሕጉ፣ ሰርከስ ውስጥ ልጅ የሚያስደስት ነገር ሁሉ እዚህ መግደያ ይሆናል የሚል ነው። ጥጥ ከረሜላው መገነዣ ነው። ፈንዲሻው ከጠመንጃ ይተኮሳል፣ ልብስ ላይ የተጣበቀው ፍሬ ደግሞ ቆይቶ ጥርስ ያወጣል። በፊኛ የተሠራው ውሻ፣ ያ በልደት ቀን እየተጠማዘዘ የሚሠራው፣ ነፍስ ዘርቶ ሽታ እያነፈነፈ የሸሹትን ያሳድዳል። ፊት ላይ የሚለጠፈው ክሬም ኬክ ሰው ያሟሟል። እንዲያውም የመዝናኛ ፓርኩን ዘበኛ ኬክ በኬክ አድርገው ካሟሙት በኋላ፣ አንዱ ክላውን ሄዶ የቀረው ክምር አናት ላይ ቼሪ ያስቀምጣል። እዚህ ጋ እህቴ በሳቅ ፈረሰች፣ እቴቴ አማተቡ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሌላም አለ። ቁመቱ ትንሽ የሆነው ክላውን በልጆች ብስክሌት እየነዳ ሞተረኞች የተሰበሰቡበት ይደርሳል። አንዱ ጡንቸኛ ብስክሌቱን ይሰብርበታል። ትንሹ ክላውን የቦክስ ጓንት ያጠልቃል። ጡንቸኛው ይስቃል፣ «ምን ልታደርገኝ? ጭንቅላቴን ልታበረው?» ዓይነት ነገር ይላል። ጭንቅላቱ ይበራል። የሰፈር ጉልበተኛ ያስቸገረው ልጅ ሁሉ ይህን ትዕይንት ይወደዋል። ያኔ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የተነሳው ጭብጨባ ጎል የገባ ነበር የሚመስለው።

አሁን ዋናው ጋ ደርሻለሁ። ማታ ነው። ጥቂት ሰዎች አውቶቡስ እየጠበቁ ቆመዋል። አንድ ክላውን ይመጣና ከፊታቸው ያለው ግድግዳ ላይ በእጁ ጥላ መሥራት ይጀምራል። መጀመሪያ ጥንቸል። ከዚያ ዝሆን። ከዚያ የምትጨፍር ሴት፣ ሰዎቹ መሳቅ ይጀምራሉ። ከዚያ ጆርጅ ዋሽንግተን በጀልባ ወንዝ ሲሻገር፣ ያ አሜሪካኖች ሁሉ የሚያውቁት ሥዕል፣ በሁለት እጅ ብቻ። ያጨበጭባሉ። በመጨረሻ የዳይኖሰር ጥላ ይሠራል፣ ጥላው አፉን ይከፍትና ቆመው ሲያጨበጭቡ የነበሩትን ሰዎች ጠራርጎ ይውጣቸዋል። ክላውኑ እጁን ፈንዲሻ ከረጢት ውስጥ ያራግፋል። ሰዎቹ እዚያ ውስጥ ናቸው፣ ትንንሽ ሆነው።

ይህንን ትዕይንት የእኛ አገር ልጅ ከአሜሪካዊው በተለየ መንገድ ነው የሚያየው ብዬ አምናለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ አብርተን ግድግዳ ላይ ጥንቸልና ውሻ እየሠራን ያደግን ነን። ጨዋታው ለጨለማ መድኃኒት ነበር። እናቶቻችን ሻማውን ለኩሰው ወደ ማድቤት ሲመለሱ፣ እኛ ፍርሃታችንን የምናባርረው በጣቶቻችን ነበር። ፊልሙ ያንን መድኃኒት ከእጃችሁ ቀምቶ መርዝ ያደርገዋል። እኔ ያን ሰሞን መብራት ሲጠፋ እጄን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትቼ ነው የተኛሁት። ግድግዳውን ማየት አልፈለግኩም። እየፈራሁም ግን ያችን ጀልባ በሁለት እጅ እንዴት እንደሠራት ማሰቤን አልተውኩም። በነጋታው ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፣ እስከዛሬም አልሆነልኝም።

ይህ ሁሉ ነገር በሁለት ደቂቃ ትዕይንት ውስጥ አለ። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው አስፈሪ ፊልሞች አይቻለሁ፣ ከወጣሁ በኋላ አንዲት ምስላቸው አብራኝ አልሄደችም።

ከዚህ ቀጥሎ የማስቀምጠው የፖሊስ ጣቢያውን ነው። ሙኒ የሚባል ሽማግሌ ፖሊስ አለ፣ ጆን ቨርነን ነው የሚጫወተው። ወጣት የሚባል ፍጥረት አይወድም። ስልክ ይጮኻል፣ ሰው «ክላውን እያሳደደኝ ነው» እያለ ያለቅሳል፣ እሱ ግን ከተማው ተባብሮ ሙድ የያዘበት ስለሚመስለው ጆሯቸው ላይ ይዘጋዋል። ቨርነን ይህን በምር ነው የተጫወተው። ፊልሙ ሞኝ ፊልም ነው ብሎ ዘና አላለም። በኋላ ባልደረባው ፖሊስ ዴቭ ወደ ጣቢያው ሲመለስ ሙኒ አንድ ክላውን ጭን ላይ ተቀምጧል። ጉንጩ ላይ ቀለም ተቀብቷል። አፉ እንደ እንጨት አሻንጉሊት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ክላውኑ እጁን ከጀርባው አስገብቶ እያናገረው ነው። የሚለውም «አትጨነቅ ዴቭ፣ እኛ የምንፈልገው ልንገድላችሁ ብቻ ነው» ነው። ከዚያ እጁን ሲያወጣ ደም ነው።

ከሳቅ ወደ ፍርሃት መዞር ለፊልም ከባድ ነገር ነው። አብዛኞቹ ኮሜዲና ሆረር ቀላቅለናል የሚሉ ፊልሞች አንዱን ጀምረው ሌላውን ይረሳሉ። አምስት ደቂቃ ይስቃሉ፣ አምስት ደቂቃ ይጮኻሉ፣ ሁለቱ አይገናኙም። እዚህ ጣቢያ ውስጥ ግን የሚያስቀውና የሚያስፈራው አንድ ነገር ነው። የሽማግሌው አፍ አከፋፈት ያስቃል፣ የሚያስፈራውም እሱ ራሱ ነው።

አንድ ትንሽ ትዕይንት ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማያነሳት። በርገር ቤት ነው። አንዲት ሕፃን ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ውጭ አንድ ክላውን ቆሞ በእጁ «ነይ» ይላታል፣ ይሽኮረመማል፣ ይደበቃል፣ ብቅ ይላል። ልጅቷ ትስቃለች። ከጀርባው ትልቅ መዶሻ ይዟል። ከወንበሯ ወርዳ በሩ ጋ ልትደርስ ስትል እናቷ መጥታ ምግብሽን ጨርሺ ብላ ትመልሳታለች። ክላውኑ ይናደዳል። ደም የለም፣ ጩኸት የለም። እኔ ልጅ ሆኜ ይህችን ትዕይንት እንደ ቀልድ ነበር ያለፍኳት። አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ሳያት ትንፋሼ ይቆማል። እቴቴ እዚህ ጋ ስኒያቸውን አስቀምጠው «እሰይ እናት!» አሉ። ፊልሙ ውስጥ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው አይተው እፎይ ያሉ ይመስለኛል።

ስለ እጅ ሥራው ዝም ብል ቅር ይለኛል። ይህ ፊልም በኮምፒውተር የተሠራ ጭራቅ የለውም። የክላውኖቹ ፊት በጎማና በፎም የተሠራ ጭምብል ነው፣ ቅንድቡ ይነሳል፣ ከንፈሩ ይሸሻል፣ ዓይኑ ይጠባል። ሁሉም ቢጫ ጥርስ አላቸው፣ ሁሉም የተጨማደደ ቆዳ አላቸው፣ ግን አንዱ አንዱን አይመስልም። ወፍራም አለ፣ ቀጭን አለ፣ የፀጉራቸው ቀለም እንኳን የየራሳቸው ነው። ጥቂት ደቂቃ ካያችሁ በኋላ የትኛው ተንኮለኛ፣ የትኛው የዋህ መሳይ እንደሆነ በአረማመዳቸው ትለያላችሁ። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ግዙፉ፣ ክላውንዚላ የሚሉት፣ ውስጡ ያለው ቻርልስ ኪዮዶ ራሱ ነው። ጻፈው፣ ሠራው፣ ለበሰው። ዙሪያው የቆመው ነገር በትንሹ የተሠራ ሞዴል ስለሆነ እሱ ተራራ ያክላል። ከወንድሞቹ ጋር ጭራቅ ሲሠራ ያደገ ልጅ መጨረሻው እዚህ ሲደርስ ማየት ለእኔ ደስ ይላል።

ቀለሙም እንደዚያው። መርከቡ ውስጥ ያለው በሮዝ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫ የደመቀ ነው፣ ኮሪደሩ ጠማማ ነው፣ በሩ ክብ ነው። የውጪው ከተማ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዋትሰንቪል ላይ ነው የተቀረጸው፣ የመዝናኛ ፓርኩ ሳንታ ክሩዝ ባሕር ዳርቻ ያለው ነው። እነዚህ እውነተኛ፣ ተራ የአሜሪካ መንገዶች ናቸው። ተራ መንገድ ላይ፣ የመንገድ መብራት ሥር፣ ያ ሁሉ ቀለም ያለው ፍጡር ቆሞ ስታዩ ነው ነገሩ የሚሠራው። ሙዚቃው የጆን ማሳሪ ነው፣ የመክፈቻውን ዘፈን የተጫወቱት ዲኪስ የሚባሉ የፓንክ ልጆች ናቸው። ካያችሁት በኋላ ሦስት ቀን ከአፋችሁ አይወጣም፣ እኔ ዛሬም ሥራ ቦታ ደረጃ ስወጣ እያፏጨሁት ነበር።

አሁን ድክመቱን ልናገር፣ ስለምወደው አልሸፍንለትም። የወጣቶቹ ትወና ደካማ ነው። ማይክና ዴቢ የሚነጋገሩት ነገር ወረቀት ላይ ያነበቡት ይመስላል፣ ቃላቱም ራሳቸው ቀሽም ናቸው። ዴቢ በተለይ ታሳዝነኛለች። መጀመሪያ ላይ ድንኳኑ ያላማራት፣ እንሂድ ያለችው ብልሗ እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ግን ገላዋን ስትታጠብ ክላውኖች መጥተው ፊኛ ውስጥ ከትተው ይወስዷታል፣ ቀሪውን ጊዜ ወንዶቹ እስኪያድኗት ትጠብቃለች። ዴቭ የሚባለው ፖሊስ የድሮ ፍቅረኛዋ ነው፣ እሱና ማይክ ስለ እሷ ሲተያዩ የሚያልፈው ጊዜ ለክላውኖቹ ቢሰጥ ይሻል ነበር።

ከሁሉም የሚያሰለቸኝ ግን ቴሬንዚ የሚባሉት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። አናቱ ላይ የክላውን ጭንቅላት ያለው አይስክሬም መኪና ተከራይተው ሴት ለመጥበስ የሚዞሩ ሁለት ወፈፌዎች። ይህ ፊልም ውስጥ ቀልዱን የሚያመጡት ክላውኖቹ ናቸው፣ ተጨማሪ ቀልደኛ አያስፈልገውም ነበር። እነዚህ ልጆች በመጡ ቁጥር የተሠራው ፍርሃት ይፈሳል። እህቴ እነሱ ሲመጡ ነው ቡናውን ለመጨመር የምትነሳው፣ ትክክለኛ ሰዓት መርጣለች። ሁለተኛ ደግሞ መሐል ላይ፣ ከጣቢያው ትዕይንት በኋላ፣ ፊልሙ ትንሽ ይንከላወሳል። ጠቅላላ ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ስለማይበልጥ ግን ሳይሰለቻችሁ ይነሳል።

«ቀሽም» የሚለውን ቃል ከላይ ተጠቅሜበታለሁና እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለዓመታት ይህን ፊልም የደበቅኩት በዚያ ቃል ምክንያት ነው። ሰው ቀሽም ፊልም ያያል እንዳይባል። ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ከባድ ተከታታይ ድራማ በሚወራበት ጠረጴዛ ዙሪያ «እኔ ደግሞ ፈንዲሻ የሚተኩስ ክላውን አየሁ» ማለት ይከብዳል፣ ሼም ይይዛል። ኮምፒውተሬ ላይ ሌላ ስም ሰጥቼ ያስቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። አሁን ሳስበው ግን እኛ «ቀሽም» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እየጠቀለልን ነው። አንዱ ሠሪው ግድ ሳይኖረው የሠራው ነው፣ ለገንዘብ፣ ለቶሎ ቶሎ፣ ማንም አያየውም ብሎ። ሌላው ሐሳቡ ራሱ ሞኝ የሚመስል፣ ሠሪው ግን እንቅልፍ አጥቶ የሠራው ነው። የመጀመሪያውን እኔም አልወደውም። ይህ ፊልም ግን ሁለተኛው ነው። ያ የፈንዲሻ ጠመንጃ እኮ የምር ፈንዲሻ ይተፋል! የሆነ ሰው ወርክሾፕ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ አየሩ እንዴት እንደሚገፋ፣ ፍሬው እንዳይደቅ እንዴት እንደሚወጣ አስቦ፣ ሞክሮ፣ ተበላሽቶበት፣ እንደገና ሞክሮ ነው የሠራው። ያንን ሰው አከብረዋለሁ። ያንን ሰው እያከበርኩ ሥራውን በር ዘግቼ ማየቴ ነው የሚያሳፍረኝ።

ስለማየት ስታስቡ ጥቂት ምክር። መጥፎ ቅጂ አትዩ። እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ ሲዲ ቤት የገዛሁት ቅጂ በጣም ከመጥቆሩ የተነሳ የጥላው ትዕይንት ላይ ጥላው ራሱ አይታይም ነበር፣ ልመልስ ብሄድም አልተቀበሉኝም። አሮው ቪዲዮ የሚባለው ድርጅት ያወጣው ብሉሬይ ግን ቀለሙ የምር ቀለም ነው፣ ሮዙ ሮዝ ነው፣ ጨለማው ውስጥ ያለው ነገር ይታያል። ውጭ የሚኖር ዘመድ ያላችሁ በሻንጣ ማስመጣት ይቻላል፣ እኔ ያገኘሁት እንደዚያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ እንዲጠነቀቅ የሚል ምልክት ተሰጥቶታል። እኔ በበኩሌ ከአሥር ዓመት በታች ላለ ልጅ አላሳይም፣ በተለይ የሙኒን ትዕይንት። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያየነው እኛ የጠየቀን ሰው ስላልነበረ ነው። ጨዋታ ለሚወዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 የቪዲዮ ጌም ተሠርቶለታል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ መሆኑን አስቡት። ብቻችሁን ከማየት ሰው ሰብስባችሁ እዩት፣ ማታ ይሁን፣ መብራቱን አጥፉት።

እኛ ቤት መብራቱን ያጠፋነው እኛ አልነበርንም። ቅዳሜ ዕለት ክላውንዚላ ሊመጣ አንድ ደቂቃ ሲቀረው መብራት ሄደ። እህቴ ጮኸች። ሻማ ፈልገን አበራን፣ ጀበናው ገና ሙቅ ስለነበረ በረካው ተቀዳ። እቴቴ ከሳህኑ ፈንዲሻ አንስተው ሻማው ጋ አስጠግተው አዩት፣ አገላብጠው ካዩ በኋላ በሉት። «አንተ፣ ይህን ነው ስንት ዓመት ተደብቀህ ታይ የነበረው?» አሉኝ።

«አዎ እቴቴ» አልኳቸው። «እርስዎ ይቆጡኛል ብዬ ነው።»

«ምን ያስቆጣኛል? ይልቅ ያ ሰውዬ ጀልባዋን እንዴት ነው የሠራት?»

እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አደረጉና ሁለት እጃቸውን ከሻማው ፊት አነሱ። ግድግዳው ላይ መጀመሪያ ጥንቸል መጣ፣ ጆሮው የሚንቀሳቀስ። ከዚያ አውራ ዶሮ። ከዚያ እኔ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ነገር፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ አንድ ትልቅ በሬ፣ አንገቱን ዝቅ ከፍ የሚያደርግ። አያታቸው እንዳስተማሯቸው ነገሩን። እህቴ ትራስ ፊቷ ላይ አድርጋ «በቃ እቴቴ፣ አፉን እንዳይከፍት!» ትላለች። እኔ ጣቶቻቸውን እያየሁ ነበር፣ የትኛው የት እንደሚታጠፍ። ሁለት ጊዜ አሳዩኝ፣ ቀንዱ ሆነልኝ፣ አንገቱ አልሆነም።

መብራቱ አራት ሰዓት አካባቢ መጣ። ካቆምንበት ቀጠልን።